ባፈላው አይሻልም?

የዛሬዋ ጠያቂያችን ረዘም ያለ ደብዳቤ ነው የላከችልን። አሳጥሬ አቅርቤዋለሁ።

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። አዳማ የምኖር የዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህርት ነኝ። ምርምሬ በከተማዋ ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች የጉድጓድ ውሃ ውስጥ ስላለው ፍሎራይድ ነው፤ ሲበዛ ጥርስና አጥንት የሚጎዳ ንጥረ ነገር ነው። በቅርቡ አንድ ትምህርት ቤት በወላጆች ስብሰባ ላይ ውጤቴን እንዳቀርብ ጋበዘኝ። ስላይድ አዘጋጅቼ ሄድኩ። ሰው በጨዋነት አዳመጠኝ። መጨረሻ ላይ አንዲት እናት ተነሱና ‹ታዲያ ልጄ፣ ባፈላው አይሻልም?› አሉኝ። መልሴ ረዘመ። ‹እሺ› ብለው ተቀመጡ፤ እንዳልገባቸው ግን ያስታውቃል። አሁን ደግሞ አንድ የኤፍኤም ሬዲዮ ፕሮግራም ጠርቶኛል። ቢሮ የምንጋራቸው ልጆች ‹ታዋቂ መሆን አማራት› እያሉ ይስቁብኛል። አለቃዬ ‹ይሄ ለእድገትሽ አይረባሽም፣ ጽሑፍሽን አሳትሚ› ይለኛል። ሰው እንዳላስደነግጥም እፈራለሁ። ሳይንቲስት ከሕዝብ ጋር እንዴት ነው የሚያወራው? ከየት ልጀምር?

የውሃዋ መምህርት፣ ከአዳማ»

ጋሼ ካልሽኝ እኔም አንቺ ልበልሽ።

ከደብዳቤሽ ገጾች አብዛኛውን የያዙት ጓደኞችሽና አለቃሽ ናቸው። እኔን የያዙኝ ግን እናትየዋ ናቸው። እሳቸው ስብሰባ የመጡት ፍሎራይድ ምን እንደሆነ ሊማሩ አይደለም። ማታ ልጃቸው የሚጠጣውን ውሃ ምን ያድርጉት? ጭንቀታቸው እሱ ነው። ስለዚህ ከየት ልጀምር ላልሽው፣ መጀመሪያውን እሳቸው ሰጥተውሻል።

መልሱም አጭር ነበር። «አይ እናቴ፣ ማፍላት ፍሎራይድን አያወጣውም። ውሃው በእንፋሎት ይሄዳል፣ ፍሎራይዱ ድስቱ ውስጥ ይቀራል። ወጥ ሲንተከተክ ውሎ ጨው እንደሚበዛበት ማለት ነው።» በቃ። ይህን አንድም እናት አይስተውም። ቀጥሎ ግን ሳትረሺ አንድ ነገር ጨምሪ፦ ማፍላት የተቅማጥ ጀርም ስለሚገድል አይተዉት፤ ለጥርስ ብቻ ነው የማይረዳው። ውሃ አጋርም እንደዚያው ነው። ጀርሙን ይገድላል፣ ፍሎራይዱን አይነካውም። በነጠላ ማጥለልም አይጠቅምም። እነዚህን ሦስቱን መናገር አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ከዚያ ስብሰባ ሰው ወደ ቤቱ ይዞት የሚሄደውም ይኸው ነበር።

አንቺ ከምትሠሪበት ከተማ ወንጂ በሚኒባስ ስንት ደቂቃ ነው? የሆላንዱ ኤች.ቪ.ኤ. ኩባንያ እዚያ ስኳር ማምረት የጀመረው በ1954 ነው (ዓመቶቹን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ሠራተኛው ለዓመታት የጠጣው የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ የበዛበት ነበር። የልጆቹ ጥርስ በለዘ። ከአዋቂዎቹ የአንዳንዱ አጥንት ደረቀ፣ ጀርባው አልታጠፍ አለ። ነገሩ ከ1970ዎቹ ጀምሮ በሕክምና መጽሔቶች ላይ ወጥቷል። የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ሕመሙ አከርካሪና ነርቭ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ሳይቀር አጥንተው ጽፈዋል። ሥራው ትልቅ ነው። የተጻፈው ግን በእንግሊዝኛ ለሐኪሞች ነው። ይህ ሁሉ ታውቆ እያለ አንዲት እናት ዛሬም «ባፈላው አይሻልም?» ብለው ይጠይቃሉ። ለአለቃሽ የምትመልሽለት ካጣሽ ይህንን ንገሪው።

ሳይንቲስት ከሕዝብ ጋር እንዴት ያወራል ለሚለው፣ ሌላው ዓለምም በአንድ ቀን አልደረሰበትም። እንግሊዝ አገር የሳይንቲስቶቹ ማኅበር የሮያል ሶሳይቲ በ1985 አንድ ሪፖርት አውጥቶ ነበር። ከሕዝብ ጋር መነጋገር የሳይንቲስት ግዴታ ነው ይላል። ጥሩ ነው። ግን ብዙዎች የተረዱት «ሕዝቡ አያውቅም፣ እናስተምረው» ብለው ነው። በ2000 ደግሞ የላይኛው ምክር ቤታቸው ኮሚቴ ያ መንገድ እንዳላዋጣ አይቶ፣ ንግግሩ ቀርቶ ውይይት ይሁን አለ። በመሃል፣ በ1998፣ ሊድስ ከተማ ውስጥ አንድ የቴሌቪዥን ሰው ሳይንቲስቶችን ካፌ መጋበዝ ጀመረ። ሳይንቲስቱ አጠር አድርጎ ይናገራል፣ ሰው ተነስቶ የሚጠጣውን ይቀዳል፣ ከዚያ የቀረው ሰዓት የጥያቄ ነው። ስላይድ የለም። ሐሳቡ ከዚያ ወዲህ ብዙ አገር ገብቷል። እኛማ ካፌ መፈለግም አያስፈልገን። አቦል ላይ ትናገሪያለሽ፣ ቶና ላይ ትሰሚያለሽ። በረካው ላይ ዋናው ጥያቄ ይመጣል፤ ሰው የሚያፍርበትን ነገር የሚጠይቀው መጨረሻ ላይ ነው።

የራሳችንም ምሳሌ አለን። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 አድዋ ላይ ቢልሃርዚያን ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አዩ። ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉት እነዚያ ቀንድ አውጣዎች ናቸው። ከዚያ የወጣው ምርምር በ1989 ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ሽልማት አስገኘላቸው። ይህ ታሪክ ሲነገር ሁሌ ሽልማቱ ላይ ይተኮራል። እኔ ደስ የሚለኝ ሰውየው ወንዝ ዳር ቆመው ሴቶቹን ማየታቸው ነው። አንቺም ጉድጓዱ ጋ ስትሄጂ ናሙናሽን ቀድተሽ አትሩጪ። ውሃ ልትቀዳ የመጣችውን ልጅ ጠይቂያት። ለመጠጥ የትኛውን ትመርጣላችሁ? ለቡናስ? ለምን? ጣዕሙን እያዩ ጉድጓድ ለይተው የሚያውቁ ሰዎች ታገኚያለሽ። ፍሎራይድ ራሱ አይቀመስም፤ ከጣዕሙ በመነሳት ደህና ነው የሚሉት ውሃ ደህና ላይሆን ይችላል። ያንን ደግሞ ሳትጠይቂ አታውቂውም።

አሁን ወደ ፍርሃትሽ ልምጣ። ሰው አስደነግጣለሁ ብለሽ መስጋትሽ ትክክል ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ታገሺኝ።

«ጉድጓዳችሁ ጉዳት አለው» ብለሽ ብትሄጂ ሰው ወዴት ይሄዳል? ወደ ኩሬ ወይም ወደ ቦይ። ፍሎራይድ የሚጎዳው በዓመታት ነው። ቆሻሻ ውሃ ግን ሕፃን በሳምንት ውስጥ ይገድላል። ባንግላዲሽ የዚህን ተቃራኒ አይታለች። በ1970ዎቹ ሕዝቡ ከኩሬ ውሃ እንዲላቀቅ ተብሎ የእጅ ፓምፕ ጉድጓድ በየቦታው ተቆፈረ። በ1990ዎቹ ብዙዎቹ አርሴኒክ እንዳለባቸው ታወቀ። ያኔ ወደ 5 ሚሊዮን የሚጠጉ ጉድጓዶች ተመርምረው ፓምፓቸው ቀይ ወይም አረንጓዴ ተቀባ። ማንበብ የማይችል ሰውም ቀለሙን አየ። ቀዩን ለልብስ፣ አረንጓዴውን ለመጠጥ። ከዚህ የምትወስጂው ቀለሙን ብቻ አይደለም። ሰው «ይህን ተው» ሲባል እዚያው ላይ «ያንን ያዝ» መባል አለበት።

ስለዚህ ከመናገርሽ በፊት «ያንን» አዘጋጂ። ለአንዱ ቀበሌ ቅርብ ያለው ቦኖ ይሆናል፤ የከተማዋ የቧንቧ ውሃ ከአዋሽ ተጣርቶ ስለሚመጣ ከጥልቅ ጉድጓዱ ይሻላል። ለሌላው ከቆርቆሮ ጣሪያ የሚጠራቀም የክረምት ውሃ ነው፤ ዝናብ ውስጥ ፍሎራይድ የለም ማለት ይቻላል። የተሻለው ውሃ ጥቂት ከሆነ ለማን ይቅደም? እድሜያቸው ከስምንት ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች፣ ለመጠጥና ለምግብ ማብሰያ። ቋሚ ጥርስ ድድ ውስጥ እያለ ነው የሚጎዳው። ልብስ ማጠቢያውና ገላ መታጠቢያው ከዚያው ከጉድጓዱ ይሁን፤ ችግር የለውም። አየሽ፣ ይህን ያህል ሲነገረው ሰው አይደነግጥም። የሚያስደነግጠው ምን እንደሚያደርግ ሳያውቅ መቅረቱ ነው።

የአጥንት ከሰል ማጣሪያን ካነሳሽ ደግሞ ተዘጋጅተሽ አንሺው። የከብት አጥንት ተቃጥሎ ከውሃው ውስጥ ፍሎራይዱን ይዞ ያስቀራል፤ ኬሚስትሪው ጥሩ ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ ግን ስለ ኬሚስትሪው አይሆንም። «የማን አራጅ ያረደው ነው?» ይሉሻል። «በጾምስ?» ይሉሻል። ይህን ቄሱና ሼኩ አስቀድመው ካልመለሱት ያንቺ ዲግሪ አይመልሰውም። ቀድመሽ ቤታቸው ሂጂና አማክሪያቸው።

ሌላም የማይቀርልሽ ጥያቄ አለ። «ኮልጌቱ ላይ ፍሎራይድ አለው፣ ጥሩ ነው ይላል። አንቺ መጥፎ ነው ትያለሽ። ማንን እንመን?» ይሄ የብልህ ሰው ጥያቄ ነው። ጥቂቱ ጥርስን ከመበስበስ ይጠብቃል፣ ብዙው ያበልዘዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። በስምጥ ሸለቆ ከ10 በላይ የተለካባቸው ጉድጓዶች አሉ። ስብሰባ ላይ ግን ሚሊግራሙን ተይው። «ይህ ጉድጓድ ከሚፈቀደው አምስት እጥፍ አለው» ብትይ ይበቃል።

«ማን ጨመረብን?» ይሉሻል ደግሞ። ፋብሪካው ነው የሚል አይጠፋም። መድኃኒት ረጩብን የሚልም ቴሌግራም ላይ ይገኛል። ስለዚህ መነሻውን ሳትጠየቂ ንገሪ። ስምጥ ሸለቆው እሳተ ገሞራ የተፋው አለት ነው፤ ውሃው እዚያ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሲቀመጥ ፍሎራይዱን ከድንጋዩ ይወስዳል። ማንም አልጨመረውም። ሰው ጥፋተኛ መፈለግ ሲያቆም ነው መፍትሔውን የሚሰማሽ።

ስለ ጥርሶቹ ፎቶ አንድ ነገር ልበልሽ። በደብዳቤሽ የልጆች ጥርስ ስላይድ ላይ እንዳሳየሽ ጽፈሻል። ፊታቸው ባይታይም አታድርጊው። ጥርሷ የበለዘ ልጅ ስትስቅ በእጇ አፏን ትሸፍናለች። አዳራሹ ውስጥ እናቷ ተቀምጣለች። «የእነ እገሌ ሰፈር ልጆች» ተብሎ ስም ከወጣ ደግሞ ትዳር ላይ፣ ሥራ ላይ ይከተላቸዋል። ቆሻሻ እንዳልሆነ፣ በመፋቂያ እንደማይለቅ፣ የልጅቷም የእናቷም ጥፋት እንዳልሆነ በግልጽ ተናገሪ። ይህን ስትሰማ የምትቃለላት ልጅ አለች።

በፎቶው ፈንታ የምታሳይው አለሽ እኮ! ቤተ ሙከራ ውስጥ ስፓድንስ የምትሉት ቀይ መለኪያ። ፍሎራይድ በበዛ ቁጥር ቀይነቱ ይደበዝዛል። ከቦኖው አንድ ጠርሙስ፣ ከጉድጓዱ አንድ ጠርሙስ አምጪና ሰው ፊት ጨምሪበት። ከቻልሽ ውሃውን ራሳቸው ከየቤታቸው ያምጡት፣ ያኔ «ቀይራዋለች» የሚል አይኖርም። ሁለት ጥንቃቄ ብቻ። አንደኛ፣ ሰው መጥፎው ውሃ ቀይ ይሆናል ብሎ ነው የሚጠብቀው። እዚህ ግን የደበዘዘው ነው መጥፎው፤ አስቀድመሽ ንገሪያቸው። ሁለተኛ፣ መለኪያው አሲድ ስላለበት ልጆች እንዳይነኩት፣ የተረፈውንም ይዘሽ ተመለሺ።

ብቻሽን ደግሞ አትሂጂ። የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ የየቤቱን በር ታውቃለች። አንቺ አንድ ቀን መጥተሽ ትሄጃለሽ፣ እሷ ሰኞም ማክሰኞም እዚያው ናት። የምትናገሪውን እሷ ካወቀችው ሥራው ግማሹ አለቀ። እድር ጥሩ ነው፣ ግን እድር ላይ አባወራዎች ይበዛሉ፤ ውሃ የሚቀዱት ሴቶችና ልጆች ናቸው። ትምህርት ቤት ከገባሽ የሳይንስ ክበቡንና ሚኒ ሚዲያውን ያዢ። ልጆቹ በእረፍት ሰዓት በድምፅ ማጉያ የሚያነቡት አንድ ገጽ ካንቺ አንድ ሰዓት ንግግር ይበልጣል። ቋንቋውንም አስቢበት። ከአዳማ ወጣ እንዳልሽ አፋን ኦሮሞ ነው የሚነገረው። አቀላጥፈሽ የማትናገሪ ከሆነ፣ የሚናገር ባልደረባ ይዘሽ ሂጂና ዋናውን ንግግር እሱ ያድርገው። አንቺ ለጥያቄው ተቀመጪ። በየዓረፍተ ነገሩ እያቆሙ ማስተርጎም ሁለቱንም ሰሚ ያደክማል።

ቢሮ ስላሉት ልጆች ብዙ የምለው የለኝም። ይሳቁ። ለአለቃሽ ግን አንድ ወረቀት አሳይው፦ የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 (ይህ ዓመት ብቻ በእኛ አቆጣጠር ነው)። የማኅበረሰብ አገልግሎት ከማስተማርና ከምርምር ጋር የዩኒቨርሲቲ ሥራ መሆኑ እዚያ አለ። የምትሠሪውን ሁሉ በጽሑፍ ያዢ፦ የት ሄድሽ፣ ስንት ሰው መጣ፣ ምን ተጠየቅሽ። የተጠየቅሽው ዝርዝር ብዙ ጊዜ ለቀጣዩ ምርምር ርዕስ ይሆናል። ማሳተሙንም አታቁሚ፤ እሱ ላይ አለቃሽ ልክ ነው። ብቸኝነት ከተሰማሽ ደግሞ ሌሎች አሉ። የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ በ2004 ሲጀምር በአብዛኛው በፈቃደኞች ነው የተነሳው፤ የትምህርት ቤት ክበባት ላይ የሠራው ሥራ ለማየት ይጠቅምሻል። በ2010 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሳይንስ አካዳሚም የሕዝብ ውይይቶች ያዘጋጃል።

አንድ ነገር ግን እንዳታልፊ። የአንድን ጉድጓድ ውጤት በስም ከመጥራትሽ በፊት ለቀበሌውና ለውሃ ጽሕፈት ቤቱ ንገሪ። የግል ጉድጓድ ከሆነ ለባለቤቱ። ሰዎቹ ዜናውን ከሬዲዮ ከሰሙት ጠላት ነው የምታፈሪው፤ ከዚያ በኋላ ናሙናም አታገኚም። የዩኒቨርሲቲሽ ሕዝብ ግንኙነትም ቀድሞ ይወቀው።

እና ሬዲዮው። ሂጂ። ግን ከመሄድሽ በፊት አዘጋጁን ጥቂት ነገር ጠይቂው። በቀጥታ ነው ወይስ ተቀርጾ? ስንት ደቂቃ? ስልክ ይገባል? አብሮሽ የሚቀርብ ማነው? የታሸገ ውሃ ሻጭ አጠገብሽ ካስቀመጡ ፕሮግራሙ ማስታወቂያ ይሆናል፤ ያን ጊዜ «ከጤና ጣቢያ ሰው ይሁንልኝ» በይ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ የተቀረጸ ይሻልሻል። የምትናገሪው ሦስት ነገር ይሁን፦ ማፍላት ፍሎራይድን አያወጣም፣ የተሻለው ውሃ ለትንንሾቹ ይቅደም፣ ጉድጓዳችሁን ለማስመርመር እዚህ ሂዱ። ሦስተኛውን ለማለት የሚያስመረምሩበት ቦታ መኖሩን ቀድመሽ አረጋግጪ። ከሌለ አትበይው።

ስልክ ሲገባ አንዱ «የእኛ ሰፈር ጉድጓድስ?» ይልሻል። ያልለካሽው ከሆነ «አልለካሁትም፣ አላውቅም» በይው። ሌላው የወገብ ሕመሙን ይነግርሻል። ሐኪም አይደለሁም፣ ጤና ጣቢያ ይታዩ በይ። ጋዜጠኛው ደግሞ «ስለዚህ የአዳማ ውሃ መርዝ ነው?» ብሎ አርዕስት ሊያወጣ ይሞክራል። እሱን በትሕትና «አይደለም» ብለሽ፣ የቧንቧውና የጉድጓዱ ውሃ አንድ እንዳልሆነ እንደገና ንገሪው። ሁለቴም ቢሆን።

በደብዳቤሽ ግርጌ ወደ ቀበሌ ስትሄጂ ነጭ ጋውን ትለብሺ እንደሆነ ጠይቀሻል። አትልበሺ። ሐኪም መስለሻቸው ደም ግፊት ለክተሽ ትውያለሽ።